በጣም የጠቆረውን ገጽ የመረጥኩ ጊዜ

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ በባጃጅ ስመለስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫ ጀመር። ፒያኖ የምንማርና የምናስተምር ሰዎች የተሰባሰብንበት አንድ የቴሌግራም ቡድን አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ኪቦርድ ዓይነት ነው፤ የትኛው ጥሩ ነው፣ የትኛው ቶሎ ይበላሻል። የዚያን ዕለት ግን አንድ የማላውቀው ልጅ ቁም ነገር ጠይቆ ነበር። «ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ፤ አሁን ወደ ከባዶቹ ጥናቶች መግባት እፈልጋለሁ። በየትኛው ልጀምር?» ይላል።

ጥናት የምንለው፣ ለማያውቅ ሰው ልንገር፣ አንዲት የጣት ችግር ይዞ እሷኑ እያመላለሰ የሚያሠራ አጭር ሙዚቃ ነው። ሰነፍ ጣት የሚያነቃ አለ፤ አንዱን እጅ በሌላው ላይ ማሻገር የሚያስተምር አለ፤ ክንድ የሚያደነድን አለ። ቀላሎቹን ሕፃንም ይጫወታቸዋል። ከባዶቹ ግን ሰው ያዋርዳሉ።

ቤቴ እስክደርስ መልሱ ጎርፎ ነበር። ሁሉም ለልጁ የከባድ ከባዱን ይጠቁመዋል። አንዱማ «በከባዱ ጀምር፣ ቀላሉ ራሱ ተከትሎ ይመጣል» ብሎ የጡንቻ ሥዕል ለጠፈለት። ኧረ ባክህ! ስለ ልጁ እጅ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በምን ላይ እንደሚጫወት፣ ምን እንደሚያቅተው፣ የቱ ጋ እንደሚያመው ማንንም ግድ አላለውም። ተናድጄ ልጽፍ ስጀምር ኔትወርኩ ጠፋ። ሲመለስ ደግሞ ንዴቴ በርዶ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩለት፤ «መጀመሪያ እጅህ ምን እንደማይችል ንገረን።» የቀረውን ሆዴ ውስጥ አስቀረሁት። የቀረው በአሥራ ሰባት ዓመቴ የሆነ ነገር ነው፤ በቴሌግራም የሚያልቅ አይደለም።

ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። እንጅባራ፣ አባቴ እስከ ዛሬ ቆሰበር የሚላት ከተማ፣ በአንዲት ጸሎት ቤት ውስጥ ኪቦርድ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ጎበዝ ስለነበርኩ ነው። እሺ፣ ሌላ የሚጫወት ሰውም አልነበረም።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ዘማሪው ይነሣና እግዚአብሔር በዚያ ጠዋት በሰጠው ድምፅ ይጀምራል። ብርድ ከሆነ ዝቅ ብሎ፣ ደስ ካለው ከፍ ብሎ። ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው ደግሞ ጆሮውን አቁሞ ድምፁን ያድናል፤ ያገኘውን ያህል ትራንስፖዝ የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ቁልፍ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ በለመዳቸው ነጫጭ ቁልፎች ብቻ ይሄዳል። ማሽኗ የቀረውን ትጨርስለታለች። ዘማሪው ሁለተኛውን ቃል ሳይጨርስ የደረሰበት ጎበዝ ነው። እኔ አንደኛው ቃል ላይ ነበር የምደርስበት። የኳየሩ ልጆች «መብረቅ» ይሉኝ ነበር፤ ስሙን የምጠላ እመስል ነበር እንጂ በጣም ነበር የምወደው።

ሚያዝያ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተነገረ። በክረምቱ አዲስ አበባ ለቤተ ክርስቲያን ተጫዋቾች የሦስት ወር የፒያኖ ትምህርት ይሰጣል፤ ከእኛ አካባቢ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፈተናው በሰኔ የመጀመሪያ ቅዳሜ ዳንግላ ይሆናል። የተመዘገብነው ሁለት ነበርን፤ እኔና ናትናኤል የሚባል የዳንግላ ልጅ።

ያንን ቦታ እንዴት እንደፈለግሁት! እስከዚያ ቀን ድረስ «ጣትሽን እንዲህ አድርጊ» ያለኝ ሰው በሕይወቴ አልነበረም። የማውቀውን ሁሉ በጆሮዬ ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። ከአሁን በኋላ በጆሮ ብቻ የትም እንደማልደርስ ደግሞ ገብቶኝ ነበር። ቦታው ካመለጠኝ ክረምቱን የእናቴን ድንች ስኮተኩት እከርማለሁ፤ መስከረም ሲጠባ ጣቶቼ ሰኔ ላይ በነበሩበት ይገኛሉ። መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ባሉበት መቅረት ደግሞ ከመቀመጥም የባሰ ነው።

ዳኛዋ ሲስተር አረጋሽ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የዳንግላ ሰው ግማሹ ከእርሳቸው እጅ መርፌ የተወጋ ነው ይባላል። ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተምረው ነበር። ለሁለታችንም አንድ ዓይነት መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ አባዝተው ላኩልን፤ ሃያ ምናምን ጥናቶች አሉበት፣ በክር ተሰፍቷል። አብራ የመጣችው ወረቀት እንዲህ ትላለች፤ «አንድ ጥናት መርጣችሁ ትጫወታላችሁ። ምርጫው የራሳችሁ ነው። እኔ ዳኛ ስለሆንኩ አላስተምርም። የፈተናው አዳራሽ ውስጥ ያለውን ፒያኖ ለማየት ለእያንዳንዳችሁ በአንድ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተፈቅዷል።»

በየገጹ ራስ ላይ በእርሳስ የተጫረ ነገር ነበር። የሐኪም ቤት ጽሑፍ ነው፣ ማን ያነበዋል ብዬ አለፍኩት።

አመራረጤን ልንገራችሁ፤ አልዋሽም። የኳየሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተንጋልዬ ገጾቹን እየገለጥኩ በጣም የጠቆረውን ፈለግሁ። ኖታ የማነበው እየተንተባተብኩ ነበር፤ ግን ጥቁር ገጽ ከባድ ገጽ መሆኑን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም። የመጨረሻው ጥናት ጉንዳን የሰፈረበት ነበር የሚመስለው። በዚያ ላይ ናትናኤል ከመጨረሻው በፊት ያለውን መረጠ የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ከመረጠ እኔ የመጨረሻውን! በቃ፣ ያ ነው ምክንያቴ። ሌላ የለኝም።

ሙዚቃውን አንድ ሰው ሲጫወተው የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኬ አገኘሁ። ፍጥነቱን እየቀነስኩ፣ እየመለስኩ፣ በጆሮዬ ለቀምኩት። ሰውዬው ጥቁሮቹን ቁልፎች ነበር የሚረግጠው። እኔ ምን አገባኝ! ትራንስፖዙን አንድ ከፍ አደረግሁና በነጮቹ ሄድኩበት። የሚሰማው ድምፅ ያው ነው። ኪቦርዱ አጭር ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ቁልፉ ያልቅብኝ ነበር፤ ሲያልቅብኝ ወደ ታች አውርጄ እጫወተዋለሁ። በአራት ሳምንት ውስጥ ከዳር እዳር አበረርኩት። የኳየሩ ልጆች ከበቡኝ። ጓደኛዬ ሰላማዊት «ናትናኤል ሆይ፣ ሻንጣህን ፍታ!» ብላ ጮኸች። እኔም በልቤ የራሴን ሻንጣ አስሬ ጨርሼ ነበር።

የተፈቀደልኝ ቅዳሜ የግንቦት አጋማሽ ላይ ዋለ። ዝናቡ ጀምሯል፤ የመንገዱ ዳር ቀይ ጭቃ ነው። የእንጅባራ ብርድ ደግሞ መቼ እንደሚጀምር እንጂ መቼ እንደሚያቆም የሚያውቅ ሰው የለም። ሚኒባሱ መሐል መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ከሰል የጫኑ ፈረሶች መንገዱን ሞልተውታል፣ ሹፌሩ ጡሩምባ ቢነፋም የሚሰማው የለም። በመስኮት ትኩስ ቅቅል ድንች ገዛሁ፤ ሚጥሚጣው ላዩ ላይ ተነስንሷል። አፌን እያቃጠለኝ በላሁት። እስካሁን እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ድንች የለም፤ ያሸነፈ ሰው ምግብ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ፒያኖው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዱሮ የነበሩ የውጭ እንግዶች ትተውት የሄዱት፣ ቁም ሳጥን የሚያክል እንጨት ነው። ሲስተር አረጋሽ አጠገቡ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሰላምታ ሰጥቼ ተቀመጥኩና በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። ከላይ የለም። ከጎን የለም። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ።

«ምን ጠፋሽ?» አሉኝ።

«ትራንስፖዙ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ምኑ?»

«ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው።»

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ከፍ ዝቅ የምታደርጊው አንቺ ነሽ» ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ይሁን ብዬ በነጮቹ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ስጫን ጣቴ ሊጥ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ኪቦርድ ስትነኪው ይጮሃል፤ ይሄ ግን ካልገፋሽው አይናገርም። ሁለተኛው መስመር ላይ ክንዴ መንደድ ጀመረ። አራተኛው ላይ ትንሿ ጣቴ አልታዘዝም አለች። አምስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። መብረቋ ቆመች።

ሲስተር አረጋሽ ቀና ሳይሉ «ይህ የተጻፈው በአምስት ጥቁር ነው» አሉ። «አንቺ ሆን ብለሽ አንዱንም አልነካሽ። ጥቁሮቹ ምን በደሉሽ?»

አፈርኩ። ሳፍር ደግሞ እጮሃለሁ፤ ጠባዬ ነው። «ናትናኤል እኮ እዚህ ነው ያደገው! አባቱ የዚህ አዳራሽ ጠባቂ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየቀኑ ይነካዋል። እኔ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ይሄ ፍትሕ ነው?»

«አይደለም» አሉ፣ ሌላ ሽንኩርት እያነሡ። «ገና ሃምሳ ደቂቃ አለሽ። ተጫወቺ።»

ክርክር ነበር የጠበቅኩት። «አይደለም» ብሎ ከሚያምን ሰው ጋር እንዴት ይጣሏል?

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከመስኮቱ ጎን ተቀምጬ ጨስኩ። መናደድ ሲደክመኝ፣ ኔትወርክም ስላልነበረ፣ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያን ጊዜ ነው ገጾቹ ራስ ላይ ያለውን የእርሳስ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት። ሲስተር አረጋሽ ለእያንዳንዱ ጥናት ለማን እንደሚሆን ጽፈውበታል። «ግራ እጁን ለረሳ» ይላል አንዱ። «አራተኛ ጣቱ ለሰነፈ» ይላል ሌላው። «መዳፈ ጠባብ ይለፈው፣ አይታገልበት።» የእኔ ጥቁር ገጽ ላይ ደግሞ «ስድስት ዓመት ለሠራ፤ ያውም ክንዱ ሳይጠነክር ቢነካው ይጎዳዋል» የሚል አለ። እኔ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ? በዚያ ፒያኖ ከሆነ አንድ ሰዓት።

መጽሐፉ መሐል ላይ አንዲት ገረጣ ያለች፣ አንድ ገጽ ተኩል የማትሞላ ጥናት ነበረች። ሳያት እንኳ አላስታውስም፤ እየገለጥኩ ያለፍኳት ናት። ራስዋ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፤ «ለሚቸኩል፣ ጥቁሮቹን ለሚሸሽ።»

በገንኩ። ጽሑፉ ያረጀ ነበር፤ እኔን ሳያውቁ ከብዙ ዓመት በፊት የጻፉት ነው። ሰው የማያውቀው ሰው እንዴት እንዲህ አድርጎ ይሰድበዋል? መጽሐፉን ዘጋሁት። አዲስ ቅዳም ላይ እንደገና ከፈትኩት። እንደገና ዘጋሁት። እንጅባራ ስገባ ጣቴን ገጹ ውስጥ አድርጌ ነበር የወረድኩት።

ቢሆንም ወዲያው ልብ ገዛሁ ብዬ አላታልላችሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁሩን ገጽ እንደተጻፈው በጥቁሮቹ ለመማር ታገልኩ። ትራንስፖዙን ዜሮ ላይ አድርጌ ስጀምር የማላውቀው አገር የገባሁ ያህል ነበር። ማክሰኞ ማታ የመጀመሪያውን መስመር እንኳ አልጨረስኩም። ረቡዕ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ጭጋጉ መሐል፣ ብቻዬን እያወራሁ ወሰንኩ፤ ከአምስተኛው መስመር ላይ ተዋርጄ ከምነሣ፣ አንድ ገጽ ተኩሉን ጨርሼ ብወድቅ ይሻለኛል።

ገረጣ ያለችውን ጥናት ለኳየሩ ስጫወትላቸው ሰላማዊት ገጹን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«አንቺ፣ ይሄንን እኮ የሰንበት ትምህርት ልጆችም ይጫወቱታል!»

«ኑ ብለሽ አምጪያቸዋ።»

«መብረቅ ነበርሽ፣ ካፊያ ሆንሽ በቃ?» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ጠዝጥዞኛል። በእርግጥ ቀላል ትመስል ነበር፤ አራት ድምፆችን በየመስመሩ እየደጋገመች፣ በየጊዜው ሌላ ጣት እንዲረግጣቸው ታዛለች። አታላይ ናት። ስትቸኩይ ትሰናከያለሽ፤ ቀስ ስትዪ ደግሞ የትኛው ጣትሽ ሰነፍ እንደሆነ አደባባይ ታወጣብሻለች።

የቀረኝ ከባዱ ነገር የቁልፉ ክብደት ነበር። ኪቦርድ ላይ ብለማመድ ዳንግላ ስደርስ ያው ሊጥ ይጠብቀኛል። ይህንን ለአባቴ አጫወትኩት፤ መፍትሔ ይሰጠኛል ብዬ ሳይሆን ለማጉረምረም። አባቴ ከአስፋልቱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ ይሠራል። ሥራውን ሳያቆም ሰማኝና ማጭዱን አስቀምጦ መዳፉን ዘረጋልኝ።

«ምን ያህል ነው የሚከብደው? እስቲ ጫኚው።»

በአንድ ጣቴ መዳፉን ገፋሁት። «ከዚህ ትንሽ ይበልጣል።» አሁንም ገፋሁ። «እንዲህ! ልክ እንዲህ!»

ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ፣ ክብደቱን ልክ እንደሚቀምስ ሰው። ከዚያ ተነሥቶ ቀርከሃ መሰንጠቅ ጀመረ። ስንጣቂዎቹን በአንድ ጫፋቸው ጣውላ ላይ መታቸው፤ ሌላው ጫፍ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ስትጫኚው ይወርዳል፣ ስትለቂው ይነሣል። የመጀመሪያው ስንጣቂ ወፍራም ሆኖ ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ፣ ይሄ ለበሬ ነው» አልኩት።

«አንቺስ በምን ከበሬ ታንሻለሽ?» አለና ላገው። እንደገና መዳፉ ላይ አስገፋኝ፤ እንደገና ላገው። ሲቆጥር ሁልጊዜ በአዊኛ ነው፤ ሃያ አምስቱን ስንጣቂ በአዊኛ እየቆጠረ መታልኝ። ጥቁሮቹን ጠበብና ከፍ አድርጎ ሠራቸው፤ እኔ የድስት ጥላሸት ቀባኋቸው።

ድምፅ የማታወጣ ፒያኖ! መብራት ጠፋ አልጠፋ አያገባትም። ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ እናቴ ከውጭ «ዶሮ ገባ እንዴ?» ብላ ትጮሃለች። በሁለተኛው ሳምንት ጥላሸቱ ከጣቶቼ አልለቅ አለ፤ ኬሚስትሪ መምህራችን እጄን አይተው ከሰል መሸጥ ጀመርሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ድምፅ ስለሌለው የሚያታልለኝ ነገርም አልነበረም። የሚሰማኝ የጣቶቼ እውነተኛ አቅም ብቻ ነበር፤ የትኛው እንደሚያነክስ፣ የትኛው እንደሚሸሽ። አራተኛዋ ጣቴ ለካ በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም።

የፈተናው ቀን ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው አረፈደ። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች አግዳሚዎቹ ላይ ተጨናንቀዋል። ከሲስተር አረጋሽ ጎን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ አንድ ሰውዬ አሉ። ናትናኤልን ያን ቀን ነበር በቅርብ ያየሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁን የት እንደሚያስቀምጠው የማያውቅ ልጅ ነው።

«ፈርተሻል?» አለኝ።

«አንተስ?»

«እህል አልቀመስኩም። ከጠዋት ጀምሮ።»

ልጠላው ነበር የመጣሁት፤ አልመች አለኝ።

እርሱ ቀደመ። ያ ከመጨረሻው በፊት ያለው ጥናት፣ ወሬው እውነት ነበር፣ ከጣቶቹ እንደ ውኃ ወረደ። ዝናቡ እንኳ የቀነሰ መሰለኝ። ሰዉ ከማጨብጨቡ በፊት ሲስተር አረጋሽ እጃቸውን አነሡ። «አሁን በግማሽ ፍጥነት።»

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ግን ደስ አለኝ! በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ነገር ተምሬ ነበር፤ በፍጥነት የሚሸፈን ሁሉ በዝግታ ይጋለጣል። አሁን አለቀለት አልኩ።

ቀስ ብሎ ጀመረ። አንድም ድምፅ አልወደቀችም። እንዲያውም በዝግታው የበለጠ አማረ፤ እያንዳንዷ ድምፅ ለብቻዋ ቆማ ትታይ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ልጅ ከባዱን የመረጠው እኔን ለማስደንገጥ አይደለም። ልኩ ነው። ለእኔ ቁልል ተራራ የሚሆነው ለእርሱ የቤቱ ደጃፍ ነው። በየቀኑ፣ ዓመት ከዓመት፣ ያንን ከባድ ቁልፍ ሲገፋ ያደገ ክንድ ነው። እኔ ናትናኤልን በገጹ ጥቁረት ለክቼው ነበር፤ እርሱ ግን ራሱን በእጁ ነበር የለካው።

ተራዬ ደረሰ። ጣቶቼ ቀዝቅዘው ነበር፤ ብብቴ ውስጥ አሙቄያቸው ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ ተኩሏን ተጫወትኩ። ቁልፉ ሊጥ አልሆነብኝም። በግማሽ ፍጥነት አሉኝ፤ ተጫወትኩ። ከሦስተኛው መስመር ጀምሪ አሉኝ፤ ጀመርኩ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ ሲስተር፤ ጨፈንኩ፤ ጥቁሮቹን በጨለማ አንድ በአንድ አገኘኋቸው፣ ሁሉም ባሉበት ነበሩ። አንድ ጊዜም አልቆምኩም። በሕይወቴ አንድን ሙዚቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእኔ ሆኖ ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ቦታውን ናትናኤል አገኘ። ሰውዬው ሲናገሩ አጨበጨብኩ። ከልቤ ነው ብል ዋሸሁ፤ ግማሹ ከልቤ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ሲስተር አረጋሽን በር ላይ ያዝኳቸው። ላለማልቀስ ቁጣ አደረግሁት።

«ሲስተር፣ ጥቁሩን ገጽ ብጫወት ኖሮስ?»

«አምስተኛው መስመር ላይ ትቆሚ ነበር። ምናልባት ስድስተኛው።»

«ታዲያ በቀላሉ ምን አተረፍኩ?»

«ሁለተኛ ወጣሽ።»

«ሁለት ብቻ ነበርን እኮ!»

«ሁለተኛ ሁለተኛ ነው» አሉ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። መጀመሪያ ልናደድ ነበር። ቀጥሎ ሳቄ አመለጠኝ፤ እርሳቸውም ሳቁ፣ ጥላቸውን እየዘረጉ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ድንገት ኮስተር አሉና «ዳኝነቴ ዛሬ አለቀ» አሉኝ። «ከአሁን በኋላ ማስተማር እችላለሁ። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት። ካረፈድሽ በሩ ዝግ ነው።»

ለሦስት ወር የሚሆን መምህር ፈልጌ መጥቼ ነበር፤ ያገኘሁት የአራት ዓመት ነበር።

ያ ክረምት እንዲህ አለፈ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ድንች መኮትኮት፣ ቅዳሜ ዳንግላ። ናትናኤል መስከረም ላይ ሲመለስ የተማረውን ተጫወተልኝ። ለአሥር ደቂቃ ያህል በቅናት በገንኩ፤ ከዚያ «ያንን ቦታ እንደገና አሳየኝ» አልኩት። አሳየኝ። ሲስተር አረጋሽ ደግሞ በአራቱ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጥናት መርጠው አልሰጡኝም። ሁልጊዜ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ መልሴን ሰምተው መጽሐፉን ይገፉልኛል፤ ፈልጊ ማለታቸው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለገላ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ለእጅም ነው።

አሁን እኔም እዚሁ እንጅባራ አስተምራለሁ። አዲስ ጥናት ለራሴ ስመርጥ ማንንም አልጠይቅም፤ ቪዲዮም አላይም። በጣም ቀስ ብዬ አንድ ጊዜ አነበዋለሁ፤ የቆምኩበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ እጭራለሁ። ገጹ በጭረት ከተሞላ ገና ነኝ ማለት ነው፤ እዘጋዋለሁ፣ አልጣላውም፣ ይቆየኝ። አንድም ጭረት ከሌለው ደግሞ ጊዜዬን አላባክንም። ጥቂት ቦታ ካቆመኝ፣ የሚያቆመኝም ምን እንደሆነ ካወቅኩት፣ ያ የእኔ ነው። ሰው ፊት ስጫወተው የሚያምር ላይሆን ይችላል። ማንም «ዋው» አይለኝም። ትዕግሥት የሌለኝ ሰው ነበርኩ፤ አሁንም የለኝም፤ ግን በልኬ የሆነ ነገር ላይ ስሆን ትዕግሥት እንደማያስፈልገኝ ደርሼበታለሁ። ሰዓቱ ራሱ ይሮጣል።

ሰኞ ዕለት የጀመርኩት ጥናት ሰባት ቦታ አቆመኝ። ዛሬ ጠዋት፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ፣ እንደገና ተቀመጥኩበት። ሦስት ቦታ።